የጢም መላጫ ገበያ፤ ከካርትሪጅ ወደ ባለአንድ ምላጩ የብረት መላጫ

በቦሌ መድኃኔ ዓለም አካባቢ ካሉት ታላላቅ የሸቀጣ ሸቀጥ መደብሮች ወደ አንዱ ገብቶ የጢም መላጫ የሚጠይቅ ሰው፣ በመጀመሪያ የሚያየው በካርቶንና በፕላስቲክ የታሸገውን፣ ሁለት፣ ሦስት ወይም አምስት ስለት በአንድ ራስ ላይ የተደረደረበትን፣ ካርትሪጅ የሚባለውን ዕቃ ነው። ብዙ ጊዜም ይህ ዕቃ ከገንዘብ ተቀባዩ አጠገብ ወይም በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ትንሽና ውድ የሆነ ነገር ወደ ሰው ኪስ ለመግባት ቀላል ነውና። ያው ሰው ከመደብሩ ወጥቶ ወደ ገርጂ ወይም ወደ ጉርድ ሾላ ዘልቆ፣ ከአንድ የሰፈር ኪዮስክ ፊት ቆሞ «ምላጭ አለ?» ቢል ግን፣ ባለኪዮስኩ ከክብሪቱና ከባትሪ ድንጋዩ አጠገብ አንዲት ቀጭን ፓኬት አንሥቶ ፍሬ በፍሬ ይሸጥለታል።

ሁለቱም ዕቃዎች የሚያገለግሉት አንዱኑ ፊት ነው። በዋጋ፣ በአያያዝና በንግድ ጠባያቸው ግን እጅግ ይራራቃሉ። ካርትሪጁን ትቶ ወደ ባለአንድ ምላጩ የብረት መላጫ መመለስ በውጭ አገር ብዙ ሰዎች የያዙት ልማድ ሲሆን፣ በኢትዮጵያም የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ከተለወጠ ወዲህ ጥቅምና ጉዳቱን በወረቀት ላይ አስቀምጦ ማስላት ለአስመጪውም ለባለሱቁም የሚገባ ሆኗል።

በመጀመሪያ ሊታወቅ የሚገባው ነገር፣ ምላጩ ከአዲስ አበባ ገበያ ያልጠፋ መሆኑ ነው። ጠጕር አስተካካዩ ምላጩን ከሁለት ሰብሮ ግማሹን በመያዣው ውስጥ አስገብቶ የደንበኛውን ማጅራትና ጉንጭ ያስተካክልበታል፤ ልብስ ሰፊው የተሳሳተውን ስፌት ይፈታበታል፤ ተማሪው እርሳሱን ይቀርጽበታል፤ እናት የሕፃን ልጇን ራስ ላጭታ ቍንጮ ታስቀርበታለች። ስለዚህ በሰሚት፣ በየካ አያትና በቦሌ አራብሳ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሥር ያሉት ትናንሽ ሱቆች ምላጭን አዲስ ዕቃ ነው ብሎ የሚያስተዋውቅላቸው ሰው አይፈልጉም። የጐደለው ምላጩ ሳይሆን፣ ምላጩን አቅፎ ለቤት መላጨት የሚያገለግለው የብረት መላጫ ነው። ሙሉውን የንግድ ነገር የያዘችው ይህች ጉድለት ናት።

የዕቃው ታሪክ ይህን የበለጠ ያስረዳል። በቀድሞ ዘመን የአውሮፓና የአሜሪካ ሰው ጢሙን የሚላጨው በቆዳ ላይ እየተሳለ በሚሠራ ታጣፊ ረጅም ምላጭ ነበር፤ ይህም የሠለጠነ እጅና ብዙ ጊዜ የሚጠይቅ ነበር። ኪንግ ካምፕ ጂሌት የሚባል አሜሪካዊ የጠርሙስ ቆርኪ በሚያመርት ኩባንያ ውስጥ የሽያጭ ሠራተኛ ሆኖ ሲሠራ፣ ሰዎች ተጠቅመው የሚጥሉትና መልሰው የሚገዙት ዕቃ ቢፈጥር ከፍ ያለ ትርፍ እንደሚያገኝ የቆርኪው ፈልሳፊ መክሮት ነበር ይባላል። ቀጭኑን ብረት አጠንክሮ ማሳል ግን ቀላል አልሆነም፤ ይህን ያሳካለት ዊልያም ኒከርሰን የተባለው መሐንዲስ ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1903 ሽያጩ ሲጀመር በዓመቱ ውስጥ የተሸጡት 51 መላጫዎችና 168 ምላጮች ብቻ ነበሩ። በ1904 የፈጠራ መብቱ በሕግ ሲታወቅለት፣ በዚያው ዓመት የመላጫዎቹ ሽያጭ ከ90,000 በላይ፣ የምላጮቹም ከ120,000 በላይ ደረሰ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት ለወታደሮቹ 3.5 ሚሊዮን ያህል መላጫና 32 ሚሊዮን ያህል ምላጭ ስለገዛ፣ ወታደሩ ወደ ቤቱ ሲመለስ ልማዱን ይዞ ተመለሰ።

የፈጠራ መብቱ ዘመን ሲያልፍ ሌሎች ኩባንያዎችም ያንኑ ዓይነት ምላጭ ማምረት ያዙ። ከዚህም የተነሣ ዛሬ በጃፓን የተሠራ ምላጭ በጀርመን በተሠራ መላጫ፣ በግብፅ የተሠራውም በሕንድ በተሠራው ላይ ያለ ችግር ይገጥማል። በ1962 በእንግሊዝ አገር ዊልኪንሰን ሶርድ የተባለው ኩባንያ ከማይዝግ ብረት የተሠራ ምላጭ ለገበያ ሲያቀርብ፣ ቶሎ ይዝግና ይደንዝ የነበረው ምላጭ ዕድሜው በብዙ እጥፍ ረዘመ። ለደንበኛ ትልቅ ጥቅም የሆነው ይህ ነገር ለፋብሪካዎች ደስ የሚያሰኝ አልነበረም፤ ዋጋው ርካሽ የሆነ፣ ማንም ሊሠራው የሚችል፣ ዕድሜውም የረዘመ ዕቃ ትርፉ ይሳሳልና። በ1971 ጂሌት ሁለት ስለት በአንድ ራስ ላይ የያዘውን ካርትሪጅ አወጣ፤ በ1998 ስለቱ ሦስት፣ በ2006 አምስት ሆነ።

በካርትሪጁ ንግድ እጀታው በዝቅተኛ ዋጋ፣ አንዳንዴም በስጦታ ይሰጣል፤ ትርፉ የሚገኘው ከራሱ ነው። የአንዱ ኩባንያ ራስ በሌላው እጀታ ላይ እንዳይገጥም በፈጠራ መብት የታጠረ ስለሆነ፣ እጀታውን የተቀበለ ሰው የዚያ ኩባንያ ገባር ሆነ ማለት ነው። ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል በ2005 ጂሌትን 57 ቢሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ የገዛው ያለ ምክንያት አልነበረም። ይሁን እንጂ በ2019 ይኸው ኩባንያ በሒሳብ መዝገቡ ላይ ከጂሌት ዋጋ 8 ቢሊዮን ዶላር ያህል ቀንሶ ጽፏል። ወንዶች ጢማቸውን ማሳደግ መውደዳቸው፣ የተወዳዳሪዎች መብዛትና የምንዛሪ መለዋወጥ ከምክንያቶቹ መካከል ተቈጥረዋል።

አሁን ወደ ብርና ሣንቲም እንመለስ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከማድረጉ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የባንክ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ተከልክለው የነበሩት 38 ዓይነት ዕቃዎችም በዚሁ የሐምሌ ማሻሻያ ተለቀቁ። ስለዚህ የአስመጪው ጥያቄ «ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም?» ከማለት ይልቅ «በዚህ ዶላር ምን ባመጣ ይሻላል?» ወደ ማለት ዞሯል።

አንድ የካርትሪጅ ራስ በውጭ አገር ችርቻሮ 3 ዶላር ያህል፣ አንድ ምላጭ ደግሞ በብዛት ሲገዛ 10 የአሜሪካ ሣንቲም ያህል ያወጣል እንበል። ለስሌት እንዲቀል ዶላሩን በ100 ብር ብናስበው (ዛሬ ከዚህ በላይ ነው)፣ ማጓጓዣ፣ ቀረጥና ትርፍ ሳይጨመር ካርትሪጁ 300 ብር፣ ምላጩ 10 ብር ይሆናል። በሳምንት ሦስት ቀን የሚላጭ ሰው በዓመት 156 ጊዜ ይላጫል። አንዱ ካርትሪጅ ለ10 ጊዜ ቢያገለግለው 16 ራሶች ያስፈልጉታል፤ ይህም 4,800 ብር ነው። አንዱ ምላጭ ለ5 ጊዜ ብቻ ቢያገለግለው 32 ምላጮች፣ ማለት 320 ብር ይበቃዋል። ደኅና የብረት መላጫ 25 ዶላር፣ ማለት 2,500 ብር ቢገዛ እንኳ የመጀመሪያው ዓመት ወጪው 2,820 ብር ነው። በሁለተኛው ዓመት መላጫው ስላለ የሚከፍለው የምላጩን 320 ብር ብቻ ይሆናል።

እዚህ ላይ አስተዋይ ባለሱቅ አንድ ጥያቄ ያነሣል፤ ጥያቄውም ትክክል ነው። ለደንበኛው ይህን ያህል ከቀረለት፣ ከባለሱቁ መሳቢያ ይህን ያህል ጐደለ ማለት አይደለምን? በመቶ 20 ትርፍ ብናስብ ከአንድ ካርትሪጅ 60 ብር፣ ከአንድ ምላጭ 2 ብር ይገኛል፤ የአንዱን ካርትሪጅ ትርፍ ለማግኘት 30 ምላጭ መሸጥ ያስፈልጋል። ይህን እውነት መደበቅ አይገባም። የካርትሪጅ ደንበኞቹ የበዙለት፣ በቦሌ ታላላቅ ሆቴሎች አጠገብ የሚነግድ ባለመደብር ዕቃውን ከመደርደሪያው እንዲያወርድ የሚመክረው ሰው ቢኖር መልካም መካሪ አይደለም።

ነገር ግን ሒሳቡ በዚህ አያበቃም። 10,000 ብር ያለው የአያት ወይም የጎሮ ባለሱቅ በዚሁ ገንዘብ 33 ካርትሪጅ ወይም 1,000 ምላጭ ይገዛል። ሠላሳ ሦስቱ ካርትሪጆች ገዢ እስኪያገኙ ገንዘቡ ታስሮ ይቀመጣል፤ አንዱ ቢሰረቅ የአምስቱ ትርፍ አብሮት ይሄዳል። ምላጩ ግን በየቀኑ ፍሬ በፍሬ ይወጣል፤ ጠጕር አስተካካዩም ልብስ ሰፊውም ይገዛዋል። ምላጭ ሊገዛ የመጣ ሰው ሳሙና ወይም ክብሪት ጨምሮ መሄዱን ደግሞ የሱቅ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። በዋጋው ምክንያት በቤቱ መላጨት ትቶ ወደ ጠጕር ቤት ብቻ የሚሄደው ሰውም የብረት መላጫ ቢያገኝ አዲስ ደንበኛ ነው።

የሐሰት ዕቃ ነገርም አለ። ውድ የሆነ ስም ያለበት ትንሽ ፕላስቲክ አስመስሎ ለሚሠራ አታላይ የተመቸ ስለሆነ፣ የካርትሪጅ አምሳያዎች በዓለም ገበያ ላይ በብዛት ይሸጣሉ። ማሸጊያው ከእውነተኛው ጋር ይመሳሰላል፤ ልዩነቱን የሚያውቀው የደንበኛው ጕንጭ ነው። ደንበኛው ደግሞ የሚወቅሰው ሩቅ ያለውን አስመሳይ ሳይሆን፣ ፊት ለፊቱ የቆመውን ባለሱቅ ነው። ምላጭም አምሳያ አያጣም፤ ሆኖም ርካሽ በመሆኑ የአታላዩ ጥቅም ያንሳል። አስመጪው በንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 የተመዘገበ ምልክት ያለበትን ዕቃ ከባለመብቱ ወይም ከታወቀ ወኪሉ መግዛቱን የሚያስረዳ ወረቀት ይዞ ቢቀመጥ፣ ለራሱም ከእርሱ ለሚገዛው ቸርቻሪም መከላከያ ይሆናል።

ከገንዘቡ ሌላ በጣም የሚያሳስበው የደንበኛው ቆዳ ነው። ጠጕራቸው የተጠቀለለ ሰዎች ጢማቸውን ሲላጩ በአንገታቸውና በአገጫቸው ሥር የሚወጣባቸው እብጠትና ጥቋቁር ነጠብጣብ በብዙ ኢትዮጵያውያን ፊት ላይ የሚታይ ነው። ምክንያቱ እንዲህ ነው፤ ብዙ ስለት ያለው ካርትሪጅ ሲላጭ የመጀመሪያው ስለት ጠጕሩን ጐትቶ ከሥሩ ብቅ ያደርገዋል፤ ተከታዩ ስለት እንደተጐተተ ይቈርጠዋል፤ ጠጕሩም ሲመለስ ከቆዳው በታች ይቀራል። ቀጥ ያለ ጠጕር እንደገና ወደ ላይ ያድጋል፤ የተጠቀለለው ግን ዞሮ የራሱን ቆዳ ይወጋል። በአሜሪካ ጦር ውስጥ ብዙ ጥቍር ወታደሮች በዚህ ሕመም ምክንያት እንዳይላጩ የሐኪም ፈቃድ ይወስዱ ነበር። የቆዳ ሐኪሞች ለእንደነዚህ ዓይነት ሰዎች ከሚሰጡት ምክር አንዱ ብዙ ስለት ያለውን ትቶ ባለአንድ ስለቱን መጠቀም፣ ወይም ጢሙን በኤሌክትሪክ መቍረጫ አሳጥሮ መተው ነው። በርግጥ ባለአንድ ምላጩም ቢሆን በጕልበት ከተጫኑት ወይም ከጠጕሩ አቅጣጫ በተቃራኒ ከሄዱበት ያቈስላል። መድኃኒት ነው ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ ከማይችለው ተስፋ ውስጥ ይገባል፤ ሕመሙ የጸናበት ሰው ወደ ሐኪም ሊላክ ይገባዋል።

የብረት መላጫ ለማስመጣት የሚያስብ ነጋዴ በመጀመሪያ የሚመረምረው ነገር የተሠራበትን ብረት ነው። ርካሾቹ ብዙውን ጊዜ ከዚንክ ቅይጥ ተቀርጸው በክሮም የተለበጡ ናቸው፤ ልባጡ ከተላጠ፣ በተለይም በጥርሱ ላይ፣ ውኃ ይገባና ብረቱ ይበላል፤ ከጊዜም በኋላ ሲጠበቅ ይሰበራል። ከነሐስ ወይም ከማይዝግ ብረት የተሠሩት ይከብዳሉ፣ ዋጋቸውም ከፍ ይላል፤ ግን ለልጅ የሚተላለፉ ናቸው። ናሙና ሲመጣ ምላጭ አግብቶ በግራና በቀኝ የሚወጣው ስለት እኩል መሆኑን በዓይን መመልከት ይገባል፤ ከአንዱ ወገን በዝቶ ከሌላው ካነሰ ዕቃው ፊት ይቈርጣል፣ ስምም ያጠፋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ ደንበኛ ስለቱን ጥቂት ብቻ የሚያወጣው ለስላሳ ዓይነት ይሻላል።

ምላጭ ከሚያመርቱት መካከል በግብፅ እስክንድርያ ያለው ሎርድ፣ በቱርክ ደርቢን የሚሠራው ፋብሪካ፣ በፓኪስታን ትሪት፣ በጃፓን ፌዘር የታወቁ ናቸው፤ ሕንድም ብዙ ታመርታለች። የጀርመኗ ዞሊንገን ከተማ ደግሞ በመላጫው ሥራ የቆየ ስም አላት። ግብፅና ኢትዮጵያ ሁለቱም የኮሜሳ አባሎች ስለሆኑ፣ ከዚያ የሚያስመጣ ሰው የምርት መነሻ ማስረጃ ቢያቀርብ የቀረጥ ቅናሽ የሚያገኝ መሆኑን አስቀድሞ ከጕምሩክ ቢጠይቅ አይጐዳም። በዓለም አቀፉ የዕቃ አመዳደብ መላጫና ምላጭ በ82.12 ሥር የሚገኙ ሲሆን፣ መላጫው በ8212.10፣ ምላጩ በ8212.20 ተለይተዋል። በአንድ ካርቶን ሁለቱን ቀላቅሎ የሚያስመጣ ሰው በደረሰኙ ላይ ለየብቻ ቢያስጽፋቸው ከብዙ ምልልስ ይድናል። ምላጭ ክብደቱ ከዋጋው ጋር ሲመዛዘን ቀላል ስለሆነ፣ ጥቂት ካርቶን ብቻ ለሚያስመጣ ሰው ከጅቡቲ መንገድ ይልቅ በቦሌ በአውሮፕላን ማስገባት አንዳንዴ የሚያዋጣ ሆኖ ይገኛል።

የአውሮፕላን ነገር ከተነሣ፣ የቦሌ ባለሱቅ ለመንገደኛ ደንበኛው ሊነግረው የሚገባ አንድ ቁም ነገር አለ። ያልታሸገ ምላጭ በእጅ ሻንጣ ይዞ ወደ አውሮፕላን መግባት አይፈቀድም፤ በፍተሻ ጊዜ ይወሰዳል። ምላጩ ከሚጫነው ሻንጣ ውስጥ መግባት አለበት፤ የብረት መላጫው ራሱ ያለ ምላጭ ቢሆን ግን ብዙ ጊዜ ያልፋል። ካርትሪጅና ተጥሎ የሚቀረው የፕላስቲክ መላጫ ለእጅ ሻንጣ ስለሚፈቀዱ፣ በአየር ማረፊያው አካባቢ ያለው ገበያቸው በቀላሉ አይነካም።

ጠጕር ቤቶቹ የተለየ ጠባይ ያላቸው ደንበኞች ናቸው። መንግሥት በ1990 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ኤድስ ፖሊሲ ካወጣበት ጊዜ ወዲህ ሕዝቡ ምላጭ በጋራ እንዳይጠቀም በሬዲዮ፣ በትምህርት ቤትና በየቀበሌው ብዙ ተመክሯል። ስለዚህ ዛሬ ደንበኛው ምላጩ በፊቱ ከወረቀቱ ሲወጣ ማየት ይፈልጋል። ምላጭ ለጠጕር ቤት የሚያከፋፍል ነጋዴ እያንዳንዱ ፍሬ ለብቻው በወረቀት የተጠቀለለበትን ዓይነት ቢመርጥ፣ አስተካካዩ ለደንበኛው የሚያሳየው ማስረጃ ሰጠው ማለት ነው።

የብረት መላጫ የሸጠ ሰው አጠቃቀሙንም አብሮ መሸጥ አለበት። ካርትሪጅ የለመደ እጅ መጫን ይወድዳል፤ በብረት መላጫ ግን የመላጫው ክብደት ራሱ ይበቃል። ጢሙ አስቀድሞ በሙቅ ውኃና በሳሙና ይለሰልሳል፤ መላጫው ከፊት ጋር 30 ዲግሪ ያህል ዘንበል ብሎ፣ በአጫጭሩ፣ ጠጕሩ በሚያድግበት አቅጣጫ ይሄዳል። ቆዳውን መወጠርና ልስላሴ ፍለጋ አንዱን ቦታ ደጋግሞ መፋቅ አያስፈልግም። የመጀመሪያው ሳምንት ትዕግሥት ይጠይቃል፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደተባለው፣ ለሥራ ሰዓት አምስት ደቂቃ ሲቀረው የሚጀምር ሰው ደሙን እየጠረገ ይወጣል። ስለዚህ ባለሱቁ መላጫውን ለአዲስ ደንበኛ ሲሸጥ «እሑድ ጠዋት ይጀምሩት» ቢለው መልካም ነው። እጃቸው የሚንቀጠቀጥ አረጋውያንና ዘወትር በጥድፊያ የሚላጩ ሰዎች በካርትሪጃቸው ቢቆዩ ይሻላቸዋል፤ ለእነርሱ የብረት መላጫ ማግባባት ተገቢ አይደለም።

በምሥራቁ የከተማ ክፍል ውኃ በፈረቃ በሚደርስባቸው ሰፈሮች አንድ ተጨማሪ ጥቅም ይታያል። በአምስቱ ስለቶች መካከል የተወተፈው ጠጕርና ሳሙና እስኪወጣ ድረስ ካርትሪጁ በሚፈስ ቧንቧ ሥር መታጠብ ይፈልጋል፤ የብረት መላጫው ግን በአንድ ጣሳ ውኃ ውስጥ ነከር ነከር ቢደረግ ይጠራል፤ ካልጠራም ተፈትቶ ይለቀለቃል።

ያገለገለውን ምላጭ በቆሻሻ ከረጢት ውስጥ እንዲሁ መጣል ግን በየቤቱ እየዞሩ ቆሻሻ የሚሰበስቡትን የማኅበራት ሠራተኞች እጅ ይቈርጣል። ለዚህ በውጭ አገር የተለየ የብረት ሣጥን ይሸጣል፤ በአዲስ አበባ ቤት ውስጥ ግን ክዳኑ ላይ በቢላዋ ቀዳዳ የተከፈተለት የሳልሳ ጣሳ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ጣሳው ከመቶ በላይ ምላጭ ስለሚይዝ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ለሚላጭ ሰው ሦስት ዓመት ያህል ያገለግለዋል፤ ሲሞላም ቀዳዳው ተደፍኖ ከሌላው ብረታ ብረት ጋር ለቆራሌው ሲሰጥ በውስጡ ያለውን መንገር ያስፈልጋል።